የማሳው ቀለብና የምድጃው እሳት

የዛሬው ንግግራችን ስለ አፈር ነው። አፈር በጽሕፈት ቤት ለሚውል ሰው ከጫማው ላይ የሚጠረግ ትቢያ ብቻ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በየማዕዳችን የሚቀርበው እንጀራ፣ ደመወዛችን በየወሩ የሚሸምተው ጤፍና ስንዴ፣ ለአገሪቱም የውጭ ገንዘብ የሚያስገባው ቡና ሁሉ የሚገኘው ከዚያው ከአፈር ነውና፣ ስለ እርሱ ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ ማሰብ ከሥራችን ውጭ የሆነ ነገር አይደለም።

ስለ መሬት መድከም ሲነሣ በየጽሕፈት ቤቱ የሚደጋገም አንድ አባባል አለ። ይኸውም፣ «መሬቱ የደከመው ገበሬው መሬት መንከባከብ ስለማያውቅ ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል እውነት ቢሆን ኖሮ መድኀኒቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ አስተማሪ መላክ ይበቃ ነበርና። ታሪኩን ስንመረምር ግን የምናገኘው ሌላ ነው። ገበሬው መሬቱን መመገብ ያውቅ ነበር፤ ዛሬም ያውቃል። የተቋረጠው ዕውቀቱ ሳይሆን፣ የመሬቱ ቀለብ ከማሳ ወደ ቤት፣ ከቤትም ተመልሶ ወደ ማሳ የሚሄድበት መንገድ ነው። መንገዱ እንዴት እንደ ተቋረጠና በምን እንደሚቀጠል እንመልከት።

አስቀድመን ነገሩን በቍጥር እንየው። አንድ ኩንታል ስንዴ ከማሳ ሲነሣ 2 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል። ከ1 ሄክታር 20 ኩንታል ያፈሰ ገበሬ እንግዲህ በፍሬው ብቻ 40 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ከመሬቱ ወስዷል ማለት ነው። ፎስፎርና ፖታሽ የሚባሉትም እንዲሁ በየመጠናቸው ይሄዳሉ። ጭዱን ከብት በልቶት፣ የከብቱም እበት ወደ ማሳው ከተመለሰ፣ ከተወሰደው ከፊሉ ተተካ ይባላል። ሳይተካ ከቀረ ግን መሬቱ እየተዛቀ የማይጨመርበት ጎተራ ነው፤ የእንዲህ ያለው ጎተራ መጨረሻ ደግሞ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ተክል ከአፈር የሚወስደው ማዕድን መተካት እንዳለበት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ የተባለው የጀርመን ኬሚስት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1840 ባሳተመው መጽሐፍና ከዚያም በኋላ በጻፋቸው ሥራዎቹ አስረድቷል። የኛ አገር ገበሬ ሊቢሽን አላነበበም፤ ሕጉን ግን በሥራ ያውቀው ነበር። ዘዴውም ብዙ ነበረ።

የመጀመሪያው ዘዴ ዕረፍት ነው። ገበሬው ጥቂት ዓመት ያረሰውን መሬት ሳያርስ ይተወውና «ጦም አደረ» ይለዋል። ጦም በማደር ላይ ሳለ መሬቱ ሣር ያበቅላል፤ ከብት ይግጥበታል፤ በዚያው ላይ እበቱን ይጥላል፤ ሥሩም በአፈሩ ውስጥ ይበሰብሳል። ሰው ሲጦም ሥጋው ቢደክም፣ መሬት ሲጦም ግን ይጠግባል።

ሁለተኛው ማፈራረቅ ነው። ገበሬው ዘንድሮ ገብስ ወይም ስንዴ በዘራበት ማሳ ላይ ለከርሞ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል፤ በባቄላ ላይ የተዘራ ስንዴም እንደሚያምር ከአባቱ ሰምቶ በዐይኑ አይቶታል። ምክንያቱን ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመኖች በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ገለጡት። የጥራጥሬ ተክሎች ሥር ላይ ባሉት ጥቃቅን እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ሕዋሳት ናይትሮጅንን ከአየር እየሳቡ ለተክሉ ይሰጡታል። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ባገኙበት ጊዜ የሸዋና የጎጃም ገበሬ በውጤቱ ሲጠቀም ብዙ ትውልድ አልፎት ነበር።

ሦስተኛው ዘዴ እበትና ፍግ ነው። ይህ እጅግ አምሮ የሚታየው እንሰት በሚተከልበት አገር ነው። በጉራጌም ሆነ በሲዳማ የቤቱ እመቤት በየማለዳው በረቱን ጠርጋ አዛባውን ለእንሰቱ ታፈሳለች። ስለዚህም በቤት ዙሪያ ያለው አፈር ጥቁርና ወፍራም ሆኖ ሳለ፣ ከቤት በራቅን መጠን እየሳሳ ሲሄድ እናያለን። እንሰት በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሰው ሲመግብ የኖረው በተክሉ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ከብቱ፣ ቤቱና ጓሮው የሚሰጣጡት ቀለብ ስላልተቋረጠ ነው።

አራተኛው አፈሩን ባለበት መያዝ ነው። የኮንሶ ሰዎች በተራራቸው ላይ ያለ ጭቃ ድንጋይ በድንጋይ እየካቡ የሠሩት እርከን በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። ዕድሜው ከ400 ዓመት በላይ፣ ትውልዱም 21 እንደሆነ ተቈጥሮ፣ በ2003 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ተብሎ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ባለው ሜዳ ደግሞ በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለውን የግራር ዘር ገበሬው በማሳው መካከል ሳይቈርጥ ይተወዋል። ይህ ዛፍ ከሌሎች ዛፎች በተለየ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ስለዚህ ሰብሉን ጥላ አይጋርደውም፤ የረገፈው ቅጠል ግን አፈሩን ያዳብረዋል።

እንግዲህ ዕውቀቱ ይህን ያህል ከነበረ፣ ምን ነገር መሬቱን አደከመው? ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም።

የመጀመሪያው ብርቱ ምት ክፉ ቀን እየተባለ የሚነገረው ዘመን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሩን አዳረሰው። ከከብቱ እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው እንዳለቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ በማለቁ እርሻ ቆመ፤ ረኀቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቈፈሩ ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ ይነገራል። ይህን ታሪክ ስናነብ ብዙውን ጊዜ የምናስበው ስለ ጠፋው ጥማድ ነው። ነገር ግን ከብቱ ሲያልቅ እበቱም አብሮ አልቋል፤ ማሳው ከአራሹ ጋር ቀላቢውንም አጣ።

ሁለተኛው ምት ቀስ እያለ የመጣ ነው፤ እርሱም የምድጃው እሳት ነው። ደኑ በተመነጠረበት ደጋ ሁሉ የማገዶ እጥረት ይመጣል። ሴቲቱም የምታነደው እንጨት ስታጣ እበቱን በጭድ ለውሳ፣ በግድግዳ ላይ ለጥፋ ወይም በሜዳ አስጥታ፣ ኩበት ታደርገዋለች። ከአንባቢዎቻችን መካከል በባላገር አድጎ በልጅነቱ ኩበት ያልለቀመ ጥቂት ነው። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፎሩና ፖታሹ በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ጀርባ ይደፋል እንጂ ማሳ ድረስ አይደርስም። ይህን ያደረገች እናት ግን ልትወቀስ አይገባትም። የዛሬውን እራት በጥሬው አቅርባ የከርሞውን ማሳ ልትመግብ አትችልምና።

በዚህ ነገር ውስጥ እኛ ከተሜዎች ድርሻ አለን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በአካባቢዋ ያለው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጨፈጨፈ። የማገዶው ችግር ከመጽናቱ የተነሣ ከተማዋን ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከዚህ ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድግ፣ ቢቈረጥም መልሶ የሚያቈጠቍጥ በመሆኑ ለከተማዋ ታላቅ ባለውለታ ሆኗል። ነገር ግን ባሕር ዛፉ በበቂ ያልተተከለበት የባላገር ደጋ በኩበት እሳት እንደ ኖረ ቀረ፤ ኩበቱም በጭነት እየሆነ ወደየከተማው ገበያ ወጣ። በከተማ የተሸጠ አንድ ጭነት ኩበት ከአንድ ማሳ የተቀነሰ ምሳ ነበር።

የዚህን ጭንቅ ጥልቀት የሚያሳይ አንድ ሥራ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በደብረ ብርሃንና በሸኖ አካባቢ ነበረ። ገበሬው ለብዙ ዓመት ጦም ያደረውን መሬት ያርስና ጓሉን በየስፍራው ይከምረዋል፤ በክምሩም ሥር ኩበት አስገብቶ እሳት ይለኵስበታል፤ አፈሩንም ያጋየዋል። ከዚያም የጋየውን አፈር በትኖ ገብስ ይዘራል። በመጀመሪያው ዓመት ገብሱ ያምራል፤ እሳቱ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረውን ፎስፎር ፈትቶታልና። ነገር ግን ናይትሮጅኑና ብስባሹ ነደዋል፤ ስለዚህ ከአንድ ወይም ከሁለት መኸር በኋላ መሬቱ እንደገና ለብዙ ዓመት መተኛት አለበት። የሚያርፍ ሰፊ መሬት ለነበረው አባት ይህ ዘዴ ያዋጣው ነበር፤ ጠባብ መሬት ለወረሰው ልጅ ግን ካፒታሉን እንደመብላት ሆነ።

ሦስተኛው ምት ይኸው የመሬት መጥበብ ነው። የአገራችን ሕዝብ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆኗል፤ የብዙው ገበሬ ይዞታም 1 ሄክታር አይሞላም። አንድ ሄክታር ለሌለው ሰው «መሬትህን ጦም አሳድር» ብንለው፣ «እንግዲያውስ ልጆቼን ጦም ላሳድር?» ብሎ ይመልስልናል። በዚህ ምክንያት ዕረፍቱ ከብዙ ስፍራ ጠፋ፤ ግጦሹም ታረሰ፤ ግጦሽ ሲያንስም ከብቱ አነሰ።

አራተኛው የባለቤትነት ነገር ነው። በቀድሞው ዘመን በብዙ ጠቅላይ ግዛት ይኖር የነበረው ጭሰኛ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። ለከርሞ በዚያው መሬት ላይ መቈየቱን ያላረጋገጠ ሰው ፍሬው ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚታይ እርከን ለምን ድንጋይ ይሸከማል? መሬትን የሚቀልብ፣ ነገም በመሬቱ ላይ እንደሚውል የሚያምን ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የፋብሪካ ማዳበሪያ ዘመን ይመጣል። ፍሪትስ ሃበርና ካርል ቦሽ ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አሞኒያ የሚለውጡበትን መንገድ ካገኙ በኋላ የመጀመሪያው ፋብሪካ በጀርመን አገር በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1913 ሥራ ጀመረ። ወደኛ አገር ገበሬ ግን ማዳበሪያ በሰፊው መቅረብ የጀመረው ከ1959 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በገበሬ ማሳ ላይ ሙከራ ካደረገበት ጊዜ አንሥቶ ነው። በ1960 ዓ.ም. መባቻም በስዊድን መንግሥት ርዳታ፣ ካዱ በሚል ስም የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በአርሲ ተጀመረ። ማዳበሪያውና የተመረጠው ዘር ምርቱን ከፍ አደረገው፤ ሥራውም በአሠራሩ የተመሰገነ ነበር። ነገር ግን መሬቱ ትርፍ እንደሚያስገኝ ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን አስለቀቁ። ለድኻው የታሰበው ማዳበሪያ ድኻውን ከመሬቱ ነቀለው። ከዚህ የምንማረው፣ ኬሚስትሪ ከሕግ ተለይቶ ብቻውን የማይሠራ መሆኑን ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጭሰኝነትን አስቀረ። ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር። ሆኖም መሬቱ በየጊዜው እንደገና ሲደለደል፣ «ይህ ማሳ ለከርሞ የእኔ ይሆን?» የሚለው የድሮ ጥርጣሬ በሌላ መልክ ተመለሰ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በየክልሉ ለገበሬው የይዞታ ደብተር መሰጠት የተጀመረው ይህን ጥርጣሬ ለማስወገድ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት በግማሽ ግማሽ ሄክታር ማሳ ላይ ለገበሬው ማሳያ ማሳየት ጀመረ። መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ይህንኑ መንገድ በአገር አቀፍ ደረጃ ያዘ። በዚያን ጊዜ ለብዙው አገር የተሰጠው ምክር ለ1 ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል ነበር። ለደጋውም ለወይና ደጋውም፣ ለቀዩም አፈር ለመረሬውም ምክሩ ከዚህ ብዙ አይለይም ነበር። ይህን የመሰለ ትእዛዝ ለጽሕፈት ቤት ይመቻል፤ በአንድ ደብዳቤ ተጽፎ ለሁሉም ወረዳ ይተላለፋልና። ሐኪም ግን ለመጣው በሽተኛ ሁሉ አንድ ዐይነት ኪኒን አይሰጥም።

ጉድለቱም ኋላ ታወቀ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ አፈር ለምነት በካርታ እንዲነሣ ሲደረግ፣ ዳፕና ዩሪያ የማይሰጧቸው እንደ ድኝና ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮች በብዙ ስፍራ መጕደላቸው ተገለጠ። በዚህም መነሻ ዳፕ ቀርቶ ድኝ የተጨመረበት ማዳበሪያ ተተካ። ከዚህም ሌላ ከሚታረሰው መሬታችን ከ40 በመቶ በላይ የሆነው አሲዳማ መሆኑ ይታወቃል፤ ይህም በተለይ ዝናብ በሚበዛበት በምዕራቡና በደቡቡ ደጋ ነው። በአሲዳማ አፈር ላይ የተጨመረ ፎስፎር ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚታሰር፣ አፈሩ አስቀድሞ በኖራ ካልታከመ በቀር ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ የሚጠቅመው በጥቂቱ ነው። ዕዳው ግን እንደ ፎስፎሩ ታስሮ አይቀርም፤ በመኸር ይጠየቃል።

ማዳበሪያው ተክሉን ቢመግብም አፈሩን ከጐርፍ አይጠብቅም። ሃንስ ሁርኒ የተባለው የስዊስ ሊቅ በታወቀው ግምቱ፣ ከሚታረሰው ደጋችን በዓመት ከ1 ሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገልጧል። ይህ በውፍረት ሲለካ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አራት ሚሊ ሜትር ለዐይን የማይሞላ ነገር ስለሆነ ማንም አይደነግጥበትም፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና። ከ1965 እስከ 1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ከደረሰው ረኀብ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ ስፍራ ያንኑ እርከን ገበሬው ራሱ አፈረሰው። በትእዛዝ የተካበ ድንጋይ የአዛዡ እንጂ የካቢው ሆኖ አልተቈጠረምና። በኮንሶ ያለው እርከን ለብዙ ትውልድ ሲጠበቅ፣ ይህኛው አንድ ትውልድ እንኳ ሳይሞላው የፈረሰው ድንጋዩ ስለተለየ አይደለም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ከመሬት የተወሰደው ወደ መሬት መመለስ አለበት፤ ይመለስም ዘንድ መንገዱን ክፍት ማድረግ ያስፈልጋል። ፍጉም፣ ባቄላውም፣ እርከኑም፣ ኖራውም፣ የፋብሪካው ማዳበሪያም በዚሁ መንገድ ላይ የሚሄዱ ጓደኛሞች ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ጠላት አይደለም። ብስባሽ በሌለው አፈር ላይ የፈሰሰ ዩሪያ በቶሎ ይባክናል፤ ፍግ ብቻውንም ዛሬ ባለው የከብት ቍጥር ለማሳው ሁሉ አይዳረስም።

ይህ ትምህርት ደግሞ ለገበሬው ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ከእኛ ጠረጴዛ ላይ የሚያልፍ ብዙ ነገር አለበትና። የማዳበሪያ ግዢ ወረቀት በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ሲተኛ፣ ዘር መዝሪያው ቀን ግን ለማንም አይጠብቅም። ለጤፍ መዝሪያ ያልደረሰ ማዳበሪያ ለገበሬው ዕዳ እንጂ ማዳበሪያ አይደለም። የይዞታ ደብተር ሳይፈረም ሲዘገይ፣ በዚያ ማሳ ላይ ሊካብ የታሰበ ድንጋይ አብሮ ይዘገያል። ለባላገሪቱ ማገዶ የሚቈጥብ ምድጃ ወይም በቤቷ አጠገብ የምትተክለው የማገዶ ዛፍ ማቅረብ የማዕድ ቤት ጕዳይ መስሎ ቢታይም፣ በእውነቱ የማዳበሪያ ጕዳይ ነው፤ ከእሳት የተረፈ እበት ሁሉ ለማሳ ይሆናልና።

በመጨረሻም ከተማችንን እንመልከት። በየቀኑ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ጎመንና ድንች የአርሲን፣ የጎጃምንና የሸዋን አፈር ቀለብ ይዞ ይገባል፤ ተመልሶ ግን አይወጣም። ከከተማው ቈሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ሆኖ ሳለ ለብዙ ዘመን ቆሼ ሲከመር ኖሯል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ቈሻሻውን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በዚያው በረጲ ተመርቋል። ብርሃን መገኘቱ መልካም ነው። ነገር ግን ልጣጩና ቅጠሉ ከፕላስቲኩ ተለይቶ ብስባሽ ቢሆን፣ ከመሬቱ የወሰድነውን በጥቂቱም ቢሆን እንመልስ ነበር። አለዚያ ከተማችን፣ ማገዶ አጥታ ኩበቷን የምታነደውን ባላገር በመምሰል የማሳውን ቀለብ በእሳት እየበላች ትኖራለች። ባላገሪቱ ይህን የምታደርገው ቸግሯት ነው፤ እኛ ግን ምን ምክንያት እናቀርባለን?

ለዛሬ በዚህ እናብቃ።